ዲስሌክሲያ ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማሰብ እየቻሉ ማንበብና መጻፍ የሚከብድበት ሁኔታ፣ ያለበትን ሰው «አእምሮው በሌላ መንገድ ያስባል» ማለት እየተለመደ መጥቷል። «ሰነፍ ነው»፣ «ትምህርት አይገባውም» ከሚለው ስድብ እጅግ ስለሚሻል እደግፈዋለሁ። ግን በትክክል የሚለየው ምኑ ነው? የሚያስብበት መንገድ ነው ወይስ የሚያነብበት? ልዩነቱን ካወቅንስ ነገ ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ልዩነቱ እውነት ነው፤ ከአንጎል አሠራር የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህ መለወጥ ያለበት ልጁ ሳይሆን የምናስተምርበትና የምንፈትንበት መንገድ ነው። የምታውቁ እርሙኝ።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር የተከተለው የምላሽ ክር ስለረዘመ ምላሾቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ናቸው። በትሕትና ጀምረው ጥያቄው የስያሜውን ያህል ዕድሜ እንዳለው አስታወሱን። ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል በ1887 ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በርሊን ግን የጻፈው አንጎላቸው ተጎድቶ ማንበብ ስላቃታቸው አዋቂዎች ነበር። ከልጅነት ጀምሮ የሚኖረውን ዓይነት በ1896 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የገለጸው ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ ሐኪም ነው። ያየው ልጅ ፐርሲ ይባላል፤ 14 ዓመቱ ነበር። 749ን በ867 ፈጥኖ በትክክል ያባዛል፤ ስሙን ሲጽፍ ግን ሆሄያቱን አቀያይሮ «ፕረሲ» ይላል፣ ስህተቱም አይታየውም። መምህሩ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልሁ እርሱ ይሆን ነበር ብሎ መስክሮለታል። ባለሙያው ከዚህ የወሰዱት ነጥብ ክሩን እስከ መጨረሻው የያዘው ነው፦ ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ ከጽሑፍ ላይ ድምፅ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ምላሽ 2

ይዘቱን ትተው ቅርጹን ያዩ ሰው ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ስለ ዲስሌክሲያ የሚያወራ ጽሑፍ አንቀጽ የሌለው ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ መለጠፉን ወቅሰው የሚበጀውን ዘረዘሩ። የሆሄ መጠን ከ12 እስከ 14፣ በመስመሮች መካከል አንድ ተኩል ክፍተት፣ ጽሑፉ በግራ በኩል ብቻ የተስተካከለ። በሁለቱም ጠርዝ እኩል ከሆነ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፤ አንባቢውም መስመሩን ይስታል። ከሥር ማስመርና ሆሄ ማጋደም ይቅር፤ አጽንዖት ለመስጠት ማድመቅ ይበቃል። ወረቀቱም ዓይን ከሚወጋ ነጭ ይልቅ ክሬም ቢሆን ይመረጣል። በአንድ መስመር ከ60 እስከ 70 ሆሄ የሚባለው ለላቲን ፊደል ነው፤ የእኛ አንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ መስመሩ ከዚያ ማጠር አለበት አሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች በሆሄያት መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋላቸው ብቻ፣ ያለ ምንም ልምምድ፣ ፍጥነታቸውም ትክክለኛነታቸውም እንደጨመረ አሳይቷል። ለዲስሌክሲያ ተብለው የሚሸጡ የፊደል ቅርጾች የሚረዱትም በአብዛኛው ሰፋ ያለ ክፍተት ስላላቸው ነው። የመክፈቻውን ጽሑፍ ወዲያው ከፋፈልኩት።

ምላሽ 3

የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ዲስሌክሲያ ፊደል ተገልብጦ የሚታይበት የዓይን ችግር ነው የሚለው እምነት እስካልተነቀለ ድረስ ስለ አስተሳሰብ ማውራት ከንቱ ነው ብለው ገቡ። ወንበር ወደ ግራ ቢዞርም ወደ ቀኝ ቢዞርም ወንበር ነው፤ አንጎላችን ዕቃን የሚለየው እንዲህ ነው። ፊደል ግን ይህን ሕግ ያፈርሳል። በላቲን ፊደል አቅጣጫ ሲቀየር ስሙ ይቀየራል፤ በእኛ ደግሞ ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት ጭረቷ ከወገብ በመሆኗ ወይም ከእግር ሥር በመሆኗ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጀማሪ ያምታታቸዋል፤ ለብቻው የዲስሌክሲያ ምልክት አይሆንም። በአንዳንዱ ልጅ ላይ መምታታቱ ሲዘገይ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስላነበበ ነው እንጂ ዓይኑ አጣሞ ስላየ አይደለም። ሥሩ ያለው ንግግርን ወደ ትንንሽ ድምፆች መበተን ላይ ነው።

ምላሽ 4

በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩበት ይህ ነው። ጸሐፊዋ የፊደል ገበታ አዘገጃጀትን በሚገባ ያውቃሉ፤ ምላሽ 3 ያቆመበትን ተቀብለው በእኛው ፊደል አሳዩን።

ቤት ሦስት ድምፅ አለው፤ ሲጻፍ ግን ሁለት ሆሄ ነው። ልጁን የመጀመሪያውን ድምፅ አውጥተህ በስ ተካው ብንለው ሴት ማለት አለበት። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ፊደሉም ብዙ አያግዘውም፤ ቤ ወደ ሴ ሲቀየር ሆሄው በሙሉ የተቀየረ ይመስላል። ኤ የሚለው ድምፅ እንዳልተነካ የምትነግረው በቀኝ እግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ብቻ ናት። ልጁ ያቺን ቀለበት እንዲያይ ካልተደረገ 33ቱን በ7 ተባዝተው፣ 231 ተዛማጅነት የሌላቸው ስዕሎች አድርጎ ሊሸመድዳቸው ይሞክራል፤ አይችልም።

መድኃኒቱ ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ማስተማር ነው። ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ ዜማውን እንጂ ሆሄውን ላያውቅ ይችላል፤ መሃል ላይ አንዱን ሲነኩበት ከመጀመሪያው ተነሥቶ ይቆጥራል። ስለዚህ ቤ፣ ሴ፣ ሜ፣ ቴ፣ ኬ አንድ ላይ ይቅረቡ፤ ልጁ ቀለበቷን በእርሳስ ይክበባት፤ ኤ እያለ ድምፁን ያርዝመው። ቀጥሎ ቡ፣ ሱ፣ ሙ፣ ቱ። እንደ ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ያሉት ከሥርዓቱ የወጡ፣ እንዲሁም ቅርጻቸው ወጥ ያልሆነው ሳድሶች ለመጨረሻ ይቆዩ።

ሁለት የተደበቁ ችግሮችንም አነሡ። አንደኛው ሳድስ ነው፦ ልብ በሚለው ውስጥ ል አናባቢ አላት፣ ብ ግን የላትም፤ ሁለቱም በጽሑፍ ሳድስ ናቸው። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። አለ፣ ዋና፣ ይበላል የሚሉት ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው ይለወጣል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ጎበዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ሆሄ በሆሄ እየታገለ የሚሄድ ልጅ ግን ዋና ላይ ሲደርስ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ረስቶታል። እርሳቸው ለጀማሪ ጽሑፎች በሚጠብቀው ሆሄ አናት ላይ ሁለት ነጥብ እንዲደረግ ይመክራሉ።

ምላሽ 5

ቁጣው የጀመረው እዚህ ነው። ጸሐፊው የመክፈቻውን ዐረፍተ ነገር ነቅሰው አወጡ፤ ልጁ ሳይሆን መንገዱ ይለወጥ ያልኩትን። ይህ ንግግር ወላጅን ያጽናናል፣ ልጁን ግን ማንበብ ሳይችል ያስቀረዋል አሉ። የተለየ ነው ተብሎ የሚታለፍ ልጅ አንደኛ ክፍል ላይ የሚያስፈልገውን እርዳታ አራተኛ ክፍል ላይ ይጀምራል፤ በዚያ መሃል ጓደኞቹ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት አንብበው ፈጥነው ርቀዋል። የሚያስፈልገው ግልጽና ተከታታይ የሆነ የድምፅና የፊደል ትምህርት ነው፦ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን፣ በአንድ ቡድን ከ3 ልጅ ባይበልጥ፣ ለወራት ሳይቋረጥ። ንባብ ሲማሩ የልጆች አንጎል ራሱ እንደሚለወጥ በምስል ታይቷል፤ በግራ በኩል ወደ ኋላ ያለው፣ ቃልን በዓይን የሚያውቀው ክፍል የሚሠለጥነው በማንበብ ነው። ስለዚህ ልጁም ይለወጣል፣ መለወጥም አለበት ብለው ደመደሙ። አነጋገራቸው ሻካራ ነበር፤ ፍሬ ነገሩን ግን ተቀብያለሁ።

ምላሽ 6

ወንድሜ፣ ቀስ በል ብለው የጀመሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ምላሽ 5 ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳጋጨ ተናገሩ። ማስተማር አለብን ማለት ልዩነቱ ጉድለት ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ2003 የታተመን አንድ ጥናት ጠቀሱ፦ በእውን ሊኖሩ የማይችሉ ቅርጾችን፣ ለምሳሌ መውረጃው ተመልሶ መውጫ የሚሆን ደረጃ ዓይነት ስዕል፣ ሊኖሩ ከሚችሉት ለመለየት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች ፈጠን ብለው ተገኙ፤ ፍጥነቱም ትክክለኛነታቸውን አልቀነሰውም። ይህም ክፍልፋዩን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ሙሉውን በአንድ ጊዜ የማየት ዝንባሌ ተብሎ ተተረጎመ። በ2022 ደግሞ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ዲስሌክሲያ ያለበት አንጎል የሚታወቀውን ከማጥለቅ ይልቅ አዲስ ነገር ፍለጋ ላይ ያዘነበለ ነው የሚል መላምት አቅርበዋል።

ምላሽ 7

እዚህ ላይ የነበረው ጨዋነት ተሟጠጠ። ጸሐፊዋ መላምት ማስረጃ አይደለም ብለው ተነሡ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ የ2018 ትንተና እንዳለ፣ በዚያም የቦታና የቅርጽ ችሎታ ላይ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች አማካይ ውጤት ከሌሎች ዝቅ ያለ እንጂ ከፍ ያለ ሆኖ እንዳልተገኘ አሳሰቡ። ከአሜሪካ ሥራ ፈጣሪዎች 35 በመቶው ዲስሌክሲያ አለባቸው የሚለውም ወሬ ምንጩ በ2009 የታተመ፣ መቶ ገደማ ሰዎች የመለሱት መጠይቅ ነው፤ በዚያ ላይ የተጠየቁት የተሳካላቸው ብቻ ናቸው፣ ወድቀው የቀሩትን የጠየቀ የለም። አይንስታይንን በዚህ ዝርዝር ማስገባት የሚያስችል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንደ መስታወት ምስል ገልብጦ መጻፉም የግራ እጅ ሰው ስለነበረ በቀላሉ ይገባል።

ጽሑፋቸውን የዘጉት ምላሽ 6ን ስለ ሙያዊ ኃላፊነት በመገሠጽ ነው፤ ይህ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል፤ ምላሽ 6 መላምትን መላምት ብለው ነው ያቀረቡት።

ምላሽ 8

የስታቲስቲክስ ሰው ናቸው፤ በጥቂት መስመር ሁለቱን አስታረቁ። ያው የ2018 ትንተና ሌላም ነገር ይላል፦ አማካዩ ዝቅ ቢልም መበታተኑ ሰፊ ነው። በአማካይ ዝቅ ባለ ግን በተበታተነ ቡድን ውስጥ እጅግ የላቁም፣ እጅግ የሚቸገሩም ይገኛሉ። ስለዚህ ልጅሽ ልዩ ተሰጥኦ አለው ብሎ ለእያንዳንዷ እናት ቃል መግባት አይቻልም፤ ማንበብ የቸገረው ልጅ ከዚህ በላይ አይሄድም ማለትም አይቻልም። በምሳሌነት ራሳቸው ስለራሳቸው የተናገሩ ሰዎችን ብቻ አነሡ፦ በ2009 በሕክምና ኖቤል የተሸለመችው ካሮል ግሬደር፣ በ2017 በኬሚስትሪ የተሸለመው ዣክ ዱቦሼ። ዱቦሼ በስዊዘርላንድ የቮ ካንቶን በይፋ ዲስሌክሲያ አለበት የተባለ የመጀመሪያው ልጅ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፏል።

እኔ ስለ ልዩነቱ ያለኝን ሐሳብ ያስተካከልኩት በዚህ ምላሽ ነው።

ምላሽ 9

አጭር ጥያቄ ነው። ባለሙያ ቅርብ ያልሆነላቸው መምህር፣ ልጁ ዲስሌክሲያ ሊኖርበት እንደሚችል በምን ላውቅ ብለው ጠየቁ።

ምላሽ 10

የምላሽ 1 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። ይህ ምርመራ ሳይሆን ጥርጣሬን ማጣሪያ መሆኑን አስቀድመው ነገሩን፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን አስቀመጡ።

ከሁሉ በፊት ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ቀጥሎ ለክፍሉ የሚመጥን 150 ቃላት ያህል ጽሑፍ አንብባችሁለት 5 ጥያቄ ጠይቁት፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለውን ሌላ ጽሑፍ ራሱ አንብቦ ሌላ 5 ይመልስ። ሲያዳምጥ 4 ወይም 5 የሚመልስ፣ ሲያነብ ግን 1 ወይም 2 ላይ የሚቀር ከሆነ፣ መረዳቱ ደኅና ሆኖ መንገዱ ነው የተዘጋው። በሁለቱም ዝቅተኛ ከሆነ ግን ጉዳዩ ቋንቋው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታሰብ።

ከዚያ ትርጉም የሌላቸው 20 ቃላት ያንብብ፤ ዱቀፍ፣ ሚጣሎ የመሳሰሉ። የታወቀ ቃል በመልኩ ሊታወስ ይችላል፤ የሌለ ቃል ግን ሆሄን ወደ ድምፅ ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለውም። ቀጥሎ ፈጥኖ መሰየም ነው፦ 5 የሚያውቃቸው ዕቃዎች ስዕል በ5 ረድፍ፣ በየረድፉ 10 ሆኖ እየተደጋገመ ይደርደር፤ 50ውን በስንት ሰከንድ ጠርቶ ጨረሰ? ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይነጻጸር። በዚህ የሚዘገይ ልጅ ሆሄ ቢያውቅም ንባቡ ቀርፋፋ ይሆናል። በመጨረሻም ቤተሰቡ ይጠየቅ፤ ዲስሌክሲያ በዘር ይወርዳል፣ ወላጁ ያለበት ልጅ ዕድሉ ከሌላው ልጅ በብዙ ይበልጣል።

በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ችግሩ እርዳታ እየተሰጠም ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን እንጂ በማሰብ ችሎታ ፈተናና በንባብ መካከል ሰፊ ልዩነት መኖሩን እንደማይጠይቅ አከሉ። በፊት ልዩነቱ እስኪሰፋ ሲጠበቅ ስንት ዓመት ይባክን ነበር። ያ ቀርቷል።

ምላሽ 11

በምላሽ 10 ላይ አንዲት እርማት። ልጁ ቃላቱ የሌሉ መሆናቸው አስቀድሞ ካልተነገረው የሚያውቀው ቃል ሊያደርጋቸው ይታገላል፤ ያኔ የምትለኩት ግምቱን ነው። 3 ቃል አብራችሁት ተለማመዱ፣ ከዚያ ጀምሩ። የምላሽ 10 ጸሐፊም አመሰግናለሁ ብለው ተቀበሉ።

ምላሽ 12

ክሩ ከመስመር የወጣው እዚህ ነው። አንድ ሰው ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ የሚባሉት ድርብ ሆሄያት ቢወገዱ ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ ሸክሙ በግማሽ ይቀላል ብለው ጻፉ።

ምላሽ 13

የተጠበቀው ደረሰ። ፊደል የአባቶች ቅርስ ነው፣ በልጆች ችግር ሰበብ የሚቆረጥ አይደለም የሚል ረጅምና የጋለ ጽሑፍ። ሠርቅና ሰርቅ እየተባለ የትርጉም ልዩነት ተዘረዘረ። ስለ ዲስሌክሲያ አንድም ቃል የለበትም።

ምላሽ 14

ምላሽ 4ን የጻፉት እህት ናቸው ወደ ጉዳዩ የመለሱን። በማንበብ ረገድ ድርብ ሆሄያት ሸክማቸው ትንሽ ነው፤ ልጁ ሠንም ሰንም ስ የሚል ድምፅ ሰጥቶ ያልፋል። ሸክሙ የሚከብደው በመጻፍ ላይ ነው፤ ድምፁን አዳምጦ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ ቃሉን በመልኩ ማስታወስ አለበት፣ ይህ ደግሞ ለእርሱ ደካማው ጎን ነው። ስለዚህ ፊደሉን መቀነስ ሳያስፈልግ ይህን ማድረግ ይቻላል፦ ቃለ ጽሕፈት ሲታረም ዓለምን አለም ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን በትክክል ይዟልና ሙሉ ነጥብ ያግኝ፤ አምለ ብሎ የጻፈው ግን ድምፁን ስላቀያየረ ተመልሶ ይለማመድ። ሁለቱን ስህተት በአንድ ቀይ መስመር ማስመር የመምህሩን መረጃ ያጠፋዋል። ይህ ነገር በየማስተማሪያው ቢገባ እጅግ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 15

ባለ ቀለም መነጽር ልጄን ይረዳዋል ወይ የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ ምላሽ 2 ክሬም ወረቀት ካሉ መነጽሩስ ለምን አይሆንም የሚል ክርክርም ነበረበት።

ምላሽ 16

የዓይን ሐኪም ናቸው፤ ጥብቅ ብለው መለሱ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ባለ ቀለም መነጽርም ሆነ የዓይን ልምምድ ለዲስሌክሲያ ሕክምና እንደማይደገፍ ተናግረዋል። የወረቀት ቀለም ምቾት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ብርሃን እንደማስተካከል። ምቾትን ሕክምና ብሎ መሸጥ ግን የልጁን የመማሪያ ወራት መብላት ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ዓይኑ ሲደክም ነው፤ ያኔም የሚስተካከለው ዓይኑ እንጂ ዲስሌክሲያው አይደለም።

ምላሽ 17

ምላሽ 3ን የጻፉት መምህርት ምላሽ 5 ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሉትን ትምህርት በ25 ደቂቃ ከፋፍለው አሳዩ። 3 ደቂቃ ትናንት የተማሩት ሆሄያት ክለሳ፤ 5 ደቂቃ ያለ ጽሑፍ በጆሮ ብቻ ድምፅ መነጠልና መተካት፤ ሰምን ስም ማድረግ፣ ቤትን ሴት ማድረግ። 7 ደቂቃ አንድ አዲስ ነገር፣ ከአንድ በላይ ፈጽሞ አይሆንም። 7 ደቂቃ ልጁ በተማራቸው ሆሄያት ብቻ የተሠራ አጭር ጽሑፍ፤ አንድ ጊዜ ከመምህሩ ጋር፣ ከዚያ ብቻውን፣ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ፈጠን ብሎ። የቀሩት 3 ደቂቃዎች ለ3 ቃላትና ለአንዲት ዐረፍተ ነገር ቃለ ጽሕፈት።

የት እንደሚበላሽም ነገሩን። አንደኛ፣ ልጁ ከስዕሉ እየገመተ ሲያነብ ጎበዝ ተብሎ ሲታለፍ ነው፤ ስዕሉን ሸፍኑት፣ ያን ጊዜ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ሲሳሳት ቃሉን ወዲያው ሲነግሩት ነው፤ ከዚያ ይልቅ የተሳሳተበትን ሆሄ በጣት አሳይቶ 5 ሰከንድ መጠበቅ። ሦስተኛ፣ ስለቻለ ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት ክለሳው ሲቀር ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ የተማረውን ያጣል የሚባለው ብዙ ጊዜ ክለሳው ስለተቋረጠ ነው።

ምላሽ 18

ምላሽ 5ን የጻፉት ሰው በለዘበ ድምፅ ተመለሱ፤ በምላሽ 17 ላይ ምስጋና አቅርበው ስለ ፈተና ጨመሩ። ብሪታንያን በመሳሰሉ አገሮች የተለመደው 25 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ነው። ነገር ግን ጊዜ ብቻ መስጠት ጨርሶ ማንበብ ላቃተው አይጠቅምም፤ የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄ ይነበብለት፣ ምክንያቱም የሚፈተነው ሒሳቡ ነው። የንባብ ፈተና ግን አይነበብለትም፤ ከተነበበለት የሚለካው ማዳመጥ ይሆናል። ተማሪ ሁሉ ፊት ድንገት ተነሥተህ አንብብ ማለትም ይቅር፤ ይነበባል የተባለውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ስጡት። ለአዋቂዎችም እንዲሁ ነው አሉ፦ የስብሰባ ሰነድ ቀድሞ ይላክ፣ ረጅም ደብዳቤ በስልክ ጽሑፍ ወደ ድምፅ ተቀይሮ ይደመጥ፣ መመሪያ በቃልም በጽሑፍም ይሰጥ።

ምላሽ 19

ሁለት ቋንቋ ስለሚማር ልጅ የተጠየቀ ነበር፤ የምላሽ 1 ባለሙያ መልሱን በአንድ ጥናት ሰጡ። በ2001 እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ የሚያነቡ ዲስሌክሲያ ያለባቸው አዋቂዎች ሲመረመሩ የአንጎላቸው ልዩነት አንድ ዓይነት ነበር፤ ጣሊያንኛ አንባቢዎቹ ግን ሆሄና ድምፁ ስለሚገጥም የሚሳሳቱት ያነሰ ነበር። በእኛም ፊደል ልጁ ሳይሳሳት ግን እጅግ በዝግታ የሚያነብ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ላይ ግን በግልጽ ይወድቃል። ስለዚህ በአማርኛ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ መቁጠር ያስፈልጋል። ያለዚያ ችግሩ እንግሊዝኛ አለመቻል ተብሎ ይታለፋል።

ምላሽ 20

የመጨረሻው ጥያቄ የምላሽ 9 ጸሐፊ፣ ያው መምህር ያቀረቡት ነው፤ ምላሽ 4 የመከሩት ሁለት ነጥብ መቼ ይነሣል? ልጁ በነጥቡ ከተደገፈ ተራ መጽሐፍ ሲያገኝ አይቸገርም ወይ?

ምላሽ 21

የምላሽ 4 ጸሐፊ ነጥቡ በአንድ ቀን አይነሣም ብለው መለሱ። መጀመሪያ በሚጠብቀው ሆሄ ሁሉ ላይ ይደረግ። ልጁ አንድን ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሳይደናቀፍ ሲያነብ፣ ያንኑ ጽሑፍ ነጥቡ ተነሥቶለት ለአራተኛ ጊዜ ያንብበው። ቀጥሎ በአዲስ ጽሑፍ ላይ እንደ አለና ዋና ባሉ፣ ሁለት ትርጉም በሚሰጡ ቃላት ላይ ብቻ ይቅር። እነዚህንም ከዐረፍተ ነገሩ መለየት ሲጀምር፣ ተሳስቶ አንብቦ ራሱ ተመልሶ ሲያርም፣ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። መመለሱን ጠብቁ፣ አታቋርጡት አሉ።

የመክፈቻውን ጽሑፍ በምላሽ 5 መሠረት ላርመው ነበር፤ ነገር ግን ምላሾቹ የሚመልሱት ለእርሱ ስለሆነ እንዳለ ትቼዋለሁ። «ልጁ ሳይሆን» ያልኩበትን ቦታ «ልጁንም እያስተማርን» ብላችሁ አንብቡልኝ።